መረንዝ፦ የቀስት መርዝ እንዴት የልብ መድኃኒት ሆነ?

ዛሬ ሰሜን ሸዋን ጨምሮ በአገራችን ደረቅ ተዳፋቶች ላይ ስለሚበቅል አንድ ዛፍ እናውራ። ስሙ መረንዝ ነው፤ ምረንዝ የሚሉትም አሉ። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ፣ አበባው ነጭና መልካም መዓዛ ያለው ነው። እንጨቱ፣ ቅርፊቱና ሥሩ ግን ገዳይ ናቸው።

የምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች እንጨቱንና ሥሩን ቀቅለው እንደ ሬንጅ ሲጠቁር ቀስታቸውን ይቀቡት ነበር። በቀስት የወደቀውን አውሬ ግን ቁስሉን ዙሪያውን ቆርጠው ጥለው ሥጋውን ይበሉታል። ምክንያቱም መርዙ በአንጀት በኩል ብዙም ወደ ደም አይገባም፤ በቁስል ሲገባ ነው በፍጥነት የሚገድለው።

እ.ኤ.አ. በ1888 ፈረንሳዊው ኬሚስት አርኖ ሶማሌዎች ለቀስት ከሚጠቀሙበት ከዚሁ ዛፍ ወገን መርዙን ለይቶ አወጣ። ዛፉን ሶማሌዎች «ዋባዮ» ስለሚሉት ንጥረ ነገሩ ኡዋባይን ተባለ። በአውሮፓ ሐኪሞች ለደከመ ልብ በደም ሥር ይሰጡት ጀመር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በልብ ሴሎች ላይ ሶዲየምን አውጥቶ ፖታሲየምን የሚያስገባ ፓምፕ አለ። ኡዋባይን ይህን ፓምፕ ሲያግድ በሴሉ ውስጥ ካልሲየም ይጨምራል፤ ልብም በኃይል ትመታለች። መጠኑ ትንሽ ካለፈ ግን ምቷ ይዛባል፣ ቀጥ ልትልም ትችላለች። ፓምፑን እ.ኤ.አ. በ1957 ይፋ ያደረገው የዴንማርኩ የንስ ስኩ በ1997 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ዛሬ የልብ ሕሙማን የሚወስዱት ዲጎክሲንም ከሌላ ተክል ቢገኝም ሥራው ተመሳሳይ ነው።

በአንኮበር ወረዳ ብቻ ተመራማሪዎች ከመቶ በላይ የመድኃኒት ዕፅዋት መዝግበዋል። የአባቶቻችን እውቀት ከንቱ አይደለም። ነገር ግን በመረንዝ ዘንድ በመድኃኒትና በመርዝ መካከል ያለው ልዩነት መጠን ብቻ ነው፤ በቤት የተቀጠቀጠ ቅጠልና ሥር ደግሞ መጠኑ አይታወቅም።

ስለዚህ፦

✅ መረንዝን በተከፈተ ቁስል ላይ አታድርጉ፤ አትጠጡትም።
✅ ያልበሰለ ፍሬው መርዛማ ነውና ልጆችን አስጠንቅቁ።
✅ ዲጎክሲን የምትወስዱ ማንኛውንም የባህል መድኃኒት ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።
✅ የወሰደ ሰው ካስመለሰው፣ ካዞረው ወይም የልብ ምቱ ከተዛባ ጊዜ ሳታጠፉ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ የተክሉን ቅርንጫፍም ይዛችሁ ሂዱ።