የኋልዮሽ መንስኤ

እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ የደቡብ ኮሪያ ጥናት 12.8 ሚሊዮን አዋቂዎችን ተከታትሎ ነበር። በአብዛኞቹ የዕድሜ ክልሎች ከሁሉም ያነሰ ሞት የታየው ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸው በአንድ ዴሲሊትር ደም ከ210 እስከ 249 ሚሊግራም በሆነ ሰዎች ዘንድ ነው። ሐኪም ግን ከ200 በታች ይሁን ይላል። ከዚያ ክልል ሽቅብም ቁልቁልም ሲኬድ ሞት ይጨምራል፤ መስመሩ በግራፍ ሲሳል ‹ሀ› ፊደልን ይመስላል።

የቀኝ ክንዱን መረዳት አይከብድም፤ ኮሌስትሮል ሲበዛ የደም ቧንቧ ይጠባል፣ ልብ ይጎዳል። አከራካሪው የግራው ነው። ዝቅተኛ ኮሌስትሮል ሰው ይገድላል? ወይስ ወደ ሞት የሚያደርስ ሕመም ውስጥ ውስጡን የያዘው ሰው ኮሌስትሮሉ ቀድሞ ይወርዳል?

ሁለተኛው ሁኔታ በእንግሊዝኛ ‹ሪቨርስ ኮዜሽን› ይባላል። እኔ ‹የኋልዮሽ መንስኤ› ብየዋለሁ፦ መንስኤ ነው ያልነው ነገር የበሽታው የራሱ ውጤት ሆኖ ሲገኝ ማለት ነው። ‹ተገላቢጦሽ› ማለትም ይቻል ነበር፤ ያ ቃል ግን ነገሩ ተዛባ የሚል ስሜት ያዘለ ነው። እዚህ የተሳሳተው አነባበባችን እንጂ ተፈጥሮ አይደለም። ‹ምክንያት›ም ወደ ሰበብ ስለሚያደላ፣ በሕክምና ጽሑፎቻችን የተለመደውን ‹መንስኤ› መርጫለሁ።

ኮሌስትሮልን በብዛት የሚሠራው ሰውነት ራሱ ነው፤ በተለይም ጉበት። ጉበት ሲጠነክርና ሲኮማተር ምርቱ ይቀንሳል። ካንሰር፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ የምግብ እጥረት፣ ከልክ በላይ የሚሠራ የታይሮይድ ዕጢም ቁጥሩን ያወርዱታል። አንዳንዴ ይህ የሚሆነው በሽታው ገና ስም ሳይወጣለት ነው።

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ እ.ኤ.አ. በ1948 የተጀመረው የፍራሚንግሃም የልብ ጥናት ይህን ቀደም ብሎ ጠቁሟል። የ30 ዓመት ክትትሉ በ1987 ሲታተም፣ ከ50 ዓመት በታች ባሉት ላይ ከፍተኛ ኮሌስትሮል ከሞት ጋር ተያይዞ ተገኘ። ከ50 በኋላ ግን ከአጠቃላይ ሞት ጋር ያለው ዝምድና ጠፋ። በመጀመሪያዎቹ 14 ዓመታት ኮሌስትሮላቸው እየወረደ የሄደባቸው ሰዎች ደግሞ በቀጣዮቹ 18 ዓመታት ይበልጥ ሞቱ። አጥኚዎቹ ምናልባት ለሞት የሚዳርግ በሽታ ቁጥሩን አውርዶት ይሆናል አሉ።

ጥርጣሬውን የሚፈትን መንገድ አለ። በሽታ ሳይሆን መድኃኒት ኮሌስትሮልን ሲያወርደውስ? በስካንዲኔቪያ አገሮች 4,444 የልብ ሕመምተኞች በዕጣ ተከፍለው፣ ግማሾቹ ሲምቫስታቲን (‹ስታቲን› ከሚባሉት ኮሌስትሮል አውራጅ መድኃኒቶች አንዱ)፣ ሌሎቹ አስመሳይ ክኒን ወሰዱ። ከአምስት ዓመት በላይ ከቆየ ክትትል በኋላ በ1994 ውጤቱ ወጣ፦ አስመሳዩን ከወሰዱት 256፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 182 ሞቱ። ይበልጥ በሕይወት የተረፉት ኮሌስትሮላቸው የወረደላቸው ሰዎች ናቸው! ከዚህም የሚጠነክረው የዘረመል ማስረጃ ነው። በ2006 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ‹ፒሲኤስኬ9› በተባለው ዘረመል ለውጥ ምክንያት ‹መጥፎው› ኮሌስትሮላቸው (ኤልዲኤል) በ28 በመቶ ያነሰ ጥቁር አሜሪካውያን የልብ ቧንቧ በሽታ ስጋታቸው በ88 በመቶ ቀንሶ አገኘ። ዘረመል ከልደት ጀምሮ ያለ ነው፤ ኋላ የመጣ ሕመም ሊለውጠው አይችልም።

ይህ ማለት ግን የኋልዮሽ መንስኤ የግራውን ክንድ በሙሉ ያብራራል ማለት አይደለም። በጣም የወረደ ኮሌስትሮል ከአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ ጋር ተያይዞ የታየባቸው ጥናቶች አሉ፤ ከ75 ዓመት በላይ የሆነና የልብ ሕመም የሌለበት ሰው ስታቲን ይጀምር ወይስ አይጀምር የሚለውም ገና ያከራክራል። እኔን የሚያሳስበኝ የ‹ሀ›ውን ግራፍ አይቶ በሐኪም የታዘዘለትን ክኒን በራሱ ፈቃድ የሚያቆም የልብ ሕመምተኛ ነው። ያ ግራፍ ስለ እሱ ክኒን የሚናገረው ነገር የለም።

በሌላ በኩል፣ መድኃኒት ሳይወስድ፣ አመጋገቡንም ሳይለውጥ ኮሌስትሮሉ ከዓመት ዓመት እየወረደ የሄደ ሰው ‹ተሻለኝ› ብሎ ከመደሰቱ በፊት የቀደሙትን የላቦራቶሪ ውጤቶች ይዞ ሐኪሙ ዘንድ ይሂድ። ክብደቱም አብሮ ከቀነሰ ነገ ዛሬ አይበል።