ስልካችሁ አፕዴት ከተደረገ በኋላ ዋይፋይ ተንቀራፈፈ? ፎርማት ለማስደረግ አትቸኩሉ!

ቢቸናም ሆነ ሞጣ ካፌ ገብታችሁ አንዱን ዋይፋይ ከሃያ ሰው ጋር ስትጋሩ ድሮም ፍጥነት አይጠበቅም። ትናንት ሲሠራ የነበረው ግን አፕዴት በተደረገ ማግሥት ቴሌግራም እንኳ አልከፍት ሲል ብዙ ሰው ወደ ፎርማት ይሮጣል። ቆዩ! ፎርማት ፎቶና መልእክታችሁን ይዞ ይሄዳል፤ አፖቹንም እንደ አዲስ ስለምታወርዱ ዋይፋዩን ይብስ ያንቀዋል።

መጀመሪያ የጓደኛችሁን ስልክ እዚያው ዋይፋይ ላይ ሞክሩት። እሱም ከተንቀራፈፈ ችግሩ የመስመሩ ነው፤ ስልካችሁን አትንኩት።

የእናንተ ብቻ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ መስመሩን የሚበላው ራሱ ስልኩ ነው። ሲስተሙ ከታደሰ በኋላ አፖቹም ከጀርባ በየተራ ይታደሳሉ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ሲቋረጥ ሳይታደስ የከረመ ስልክማ፣ ዋይፋይ ሲያገኝ የሚጎትተው ቀላል አይደለም። ፕሌይ ስቶር ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ኦቶ አፕዴቱን አጥፉት፤ ወይም ቤት ዋይፋይ ካላችሁ ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ አሳድሩት።

ቪፒኤንም እዩ። በየካቲት 2015 ፌስቡክና ቴሌግራም ሲታገዱ የጫንነው፣ ዛሬም ሳናጠፋው የቀረን ስንቶቻችን ነን!

አሁንም ካልተስተካከለ ዋይፋዩን «ፎርጌት» ብላችሁ ፓስወርዱን እንደገና አስገቡ። የመጨረሻው «ሪሴት ኔትወርክ ሴቲንግስ» ነው፤ የተቀመጡ የዋይፋይ ፓስወርዶችንና የብሉቱዝ ግንኙነቶችን ያጠፋል፣ ፎቶ ግን አይነካም። የካፌውን ፓስወርድ ቀድማችሁ ጻፉት፤ አስተናጋጇ ሁለቴ ስትጠየቅ ፊቷ ይጠቁራል።