ሰባት ቤት ስትቆጥሩ የት ላይ ትቆማላችሁ?

እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። ስማችሁን፣ የአባታችሁን ስም፣ የአያታችሁን ስም ጻፉ። እስከዚህ ድረስ መታወቂያችሁም ይነግራችኋል። አራተኛውን ለመጻፍ ብዙዎቻችሁ ቤት መደወል ሊኖርባችሁ ነው። አምስተኛው ላይ ወላጆቻችሁም «ቆይ፣ አጎትህን ልጠይቅልህ» ይላሉ። ስድስተኛውና ሰባተኛው ያሉት ካራቆሬ ወይ ማጀቴ ወይ ሸዋ ሮቢት ዙሪያ በሚኖሩ በአንድ ሽማግሌ ራስ ውስጥ ነው። እሳቸው ሲያልፉ ስሞቹም አብረው ያልፋሉ።

ይሄ ነገር ለረጅም ጊዜ ማንንም አላሳሰበም፤ ሽማግሌ ጠፍቶ አያውቅማ። አሁን ግን አዲስ አበባ፣ ጂዳ፣ ቶሮንቶ ወይ ዋሽንግተን ተወልዶ ያደገ የይፋት ልጅ «እኔ የማን ነኝ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ መጀመሪያ የሚያደርገው ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ነው። እዚያ ደግሞ የሚያገኘው ለሌላ ዓይነት ሕዝብ የተሠራ መሣሪያ ነው።

የዚያ መሣሪያ መነሻ እንግሊዝ አገር ብናይ ይገባናል። እ.ኤ.አ. በ1538 የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ሹም ቶማስ ክሮምዌል፣ እያንዳንዱ ደብር የተጠመቀውን፣ የተጋባውንና የተቀበረውን ሁሉ በየሳምንቱ መዝገብ ላይ እንዲያሰፍር አዘዘ። ከ1598 ጀምሮ ደግሞ ቅጂው በየዓመቱ ለጳጳሱ ይላክ ተባለ። ስለዚህ የደብሩ መዝገብ ቢቃጠል ሌላ ቅጂ የመትረፍ ዕድል ነበረው። በ1837 መንግሥት ራሱ በእንግሊዝና በዌልስ መመዝገብ ጀመረ። በዚህ ምክንያት ዛሬ አንድ አውስትራሊያዊ ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ የቤተሰብ ስሙንና የደብሩን ስም ጽፎ፣ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የሰው መሬት ያርስ የነበረ አያቱን ሊያገኝ ይችላል። የሚያገኘው ግን ሦስት ቀን ነው፦ የተጠመቀበት፣ ያገባበት፣ የተቀበረበት። ሰውየው ቁጡ ይሁን ቀልደኛ፣ መዝገቡ አይናገርም።

እኛ ጋ ይሄ መንገድ ገና ከመነሻው ይዘጋል። አንደኛ፣ የቤተሰብ ስም የለንም። እንግሊዛዊው ስሚዝ አባቱም ስሚዝ፣ ቅድመ አያቱም ስሚዝ ነው። የእኛ ስም ግን በየትውልዱ ይቀየራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም ይኖረዋል ይላል፤ ሕዝቡ ግን እንደ ቀድሞው በአባቱ ስም ቀጠለ። ሁለተኛ፣ ያው ሕግ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ እንዲኖር ቢደነግግም፣ የመዝገቡ ክፍል ሌላ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ እንዲቆይ ተደረገ። ቆይታው ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ማብቂያ ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን ክርስትና ሲነሡ ስም ይወጣላቸዋል፤ የገጠር ደብር ግን ያንን ስም በቀን በቀኑ መዝግቦ የመያዝ ልማድ አልነበረውም። ታዲያ ሰዉ ዘሩን በምን ያውቅ ነበር?

በሁለት ምክንያት፣ በጋብቻና በርስት። ልጅ ለመዳር ሲታሰብ ሽማግሎች ተቀምጠው ቤት ይቆጥራሉ። እስከ ሰባት ድረስ ከተገናኙ ዘመድ ናቸው፣ ጋብቻ የለም። ከአያት በላይ ላለው ሁሉ መጠሪያ ነበረው፦ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት፣ እንጅላት እየተባለ ይወጣል፤ ቃሉም ቅደም ተከተሉም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ርስት ደግሞ ከዚህ የበለጠ ያስቆጥራል። ርስት ባለበት አገር አንድ ሰው መሬት የሚጠይቀው የመጀመሪያው አቅኚ ተወላጅ መሆኑን ቆጥሮ ሲያስረዳ ነው። በእናት በኩልም ይቆጠራል፣ በአባት በኩልም። ዳኛ ፊት ቆሞ አንድ ስም የዘለለ ሰው መሬት ሊያጣ ይችላል። ትውልድ መቁጠር የትዝታ ጉዳይ አልነበረም ማለት ነው፤ እንጀራ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። ለጭሰኛው ትልቅ ቀን ነበር። ነገር ግን በዚያው ቀን፣ ማንም ሳያስበው፣ ትውልድ የሚያስቆጥረው ትልቁ ምክንያት ቀረ። መሬት የሚገኘው ከገበሬ ማኅበር ከሆነ፣ የስምንተኛ አያትን ስም ማስታወስ ምን ይጠቅማል? ከ1967 በፊት ሸንጎ ፊት ቆጥረው የተከራከሩ ሰዎች ዛሬ በሕይወት ቢኖሩ በጣም አርጅተዋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ሰባት ቤት ወደ ላይ ብትቆጥሩ ሁለት ወላጅ፣ አራት አያት፣ ስምንት ቅድመ አያት እያለ ሰባተኛው ላይ 128 ሰው ይደርሳል። ሲደመር 254። «ሰባት ቤት ቆጥሬ አውቃለሁ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው ሰባት ወንዶችን ነው። ሰባት ከ254! ስማችን አባትን ብቻ ስለሚሸከም እናቶች በአንድ ትውልድ ይጠፋሉ። የእናታችሁን እናት እናት ስም ታውቃላችሁ? የርስቱ ሙግት ቢያንስ እነሱን ያስጠራ ነበር።

ጊዜውስ ስንት ነው? አንድ ትውልድ 28 ዓመት ብንል ሰባቱ 196 ዓመት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1998 የተወለደ ሰው ሰባተኛ አያቱ በ1800ዎቹ መጀመሪያ ላይ ይወድቃል፤ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋንና ይፋትን ይገዙ በነበረበት ዘመን (እ.ኤ.አ. 1813–1847) የኖረ ሰው ነው።

ወረቀት ጭራሽ የለም ማለት ግን አይደለም። የድሮ ደብሮች ወንጌላቸውና ሌሎች ብራናዎቻቸው ኅዳግ ላይ፣ በባዶው ገጽ ላይ፣ የመሬት ስጦታና ሽያጭ ይጽፉ ነበር፦ ማን ሸጠ፣ ማን ገዛ፣ ዋሱ ማን ነው፣ ምስክሮቹ እነማን ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው አሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ተቀመጠ። ያንን ክምችት አንብቦ ካታሎግ በማዘጋጀት ዕድሜያቸውን የፈጁት የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ዛሬ ብዙው በኢንተርኔት ይታያል። ውጭ አገር ያለ የይፋት ልጅ አያቶቹ የተሳለሙትን ዓይነት መጽሐፍ ስልኩ ላይ ሊከፍት ይችላል።

ሲከፍት ግን የስም ወጥመድ ይጠብቀዋል። ቤት ውስጥ «ተሰማ» የተባለው ሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ወልደ ማርያም» ሊሆን ይችላል። በክርስትና ስሙ ይቆርባል፣ በክርስትና ስሙ ይፈታል። ሁለቱንም ስም ካልያዛችሁ አንዱን ሰው ሁለት ታደርጉታላችሁ።

ይፋት ደግሞ ሌላ ነገር ይጨምራል። እዚህ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የወላስማ ሱልጣኖች ነግሠውበታል፤ ፈረንሳውያን አርኪዎሎጂስቶች ባጠኑት መቃብራቸው ላይ በዓረብኛ «የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ልጅ» የሚል የድንጋይ ጽሑፍ አለ። በአርጎባና በሌላውም ሙስሊም ዘንድ ነሰብ መቁጠር የታወቀ ነው። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ አፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ካዘዙ በኋላ የስም ለውጥ መጣ፤ ኢማም መሐመድ አሊ ራስ ሚካኤል የሆኑት ያኔ ነው። ካራቆሬ ደግሞ ለወሎ ጎረቤት ናት። ስለዚህ ስትቆጥሩ ከሁለት ወልደ ጊዮርጊሶች በላይ አንድ ሰይድ፣ ከሦስት አህመዶች በላይ አንድ ኃይሉ ብታገኙ አትደንግጡ። ያንን ስም የሚዘልል ቆጣሪም አለ፤ ከዘለለ ግን የዘለለው ቅድመ አያታችሁን ነው።

ጥፋቱም በሽምግልና ብቻ አይመጣም። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ይህ አካባቢ በመሬት መንቀጥቀጥ ተመታ፤ ማጀቴ ፈረሰች፣ ካራቆሬ ተጎዳች፣ የደሴው መንገድ ተሰነጣጠቀ። አዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ጣቢያ ያቋቋሙት አባ ፒየር ጉዊን ጉዳዩን አጥንተው ስለጻፉ የካራቆሬ ስም ዓለም አቀፍ የሳይንስ ጽሑፍ ውስጥ ገባ። በ2013 ደግሞ በግጭቱ አጣዬ ስትቃጠል አካባቢው ሁሉ ተጎዳ። ቤት ሲቃጠል ሣጥን ይቃጠላል፤ ሣጥን ውስጥ የነበረው የግብር ደረሰኝ፣ የአርበኛ ወረቀት፣ የሠርግ ፎቶም አብሮ ይሄዳል። ቅጂውን የሚይዝ ጳጳስ እኛ ጋ የለም።

ስለዚህ ቅጂ የምትይዙት እናንተ ናችሁ። ስትደውሉ «መቼ ተወለዱ?» አትበሉ፤ «ከመንቀጥቀጡ በፊት ነው በኋላ?» በሉ። ለእናታቸው «ማይጨው ሲዘመት ልጅ ነበሩ ወይስ አግብተው ነበር?»፣ ለአያታቸው «የኅዳር በሽታ ሲገባ?»፣ «ሰገሌ ሲሆን?» በሉ። ማይጨው 1928፣ የኅዳር በሽታ 1911፣ ሰገሌ 1909 ነው። ቀኑን የማያውቁ ሰዎች የትኛው መከራ ላይ ስንት ዓመታቸው እንደነበር ያውቃሉ።

ከዚያ የክርስትና ስሙን ጠይቁ፣ የእናቶችን ስም ጠይቁ፣ የደብሩን ወይም የመስጊዱን ስም ጠይቁ፣ የዕድሩ መዝገብ ማን ጋ እንዳለ ጠይቁ። ያንኑ ጥያቄ ለሌላ ዘመድም አቅርቡና አስተያዩት፤ ሁለቱ የተለያዩበት ቦታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አንድ የተደበቀ ታሪክ አለ። ድምፁን ቅዱት፣ የሰማችሁበትን ቀንና የነገራችሁን ሰው ስም ጻፉበት፤ ከዚያ ሦስት ዘመድ ጋ ላኩት።

መደወያው ጊዜ ደግሞ ለበዓል እስክትሄዱ አይደለም። ካራቆሬ አሁን ኔትወርክ ካለ አሁን ነው።