የግል ማስታወሻ በስሜንና በአካባቢው

የግል ማስታወሻ አንድ ሰው የዕለት ውሎውን፣ የቤቱን ጉዳይ፣ ጸሎቱንና ሐሳቡን የሚያሰፍርበት ጽሑፍ ነው። በዳባት፣ በደባርቅና በስሜን ተራሮች ግርጌ፣ እንደ ሌላው የጎንደር አገር ሁሉ፣ ቀደም ባለው ዘመን እንዲህ ያለው ነገር ለብቻው በተዘጋጀ ደብተር አይጻፍም ነበር፤ ቦታው የዳዊት፣ የወንጌልና የሌሎች ብራና መጻሕፍት ባዶ ገጽና ኅዳግ ነበር።

በኅዳግ ላይ የሚጻፈው

ብራና ውድ ነው። አንድ መጽሐፍ የብዙ ፍየል ወይም በግ ቆዳ ይፈጃል፤ ስለዚህ ከጽሑፉ የተረፈ ባዶ ቦታ ለሌላ ጉዳይ ይውላል። በመጻሕፍቱ መጀመሪያና መጨረሻ የልጅ ልደትና የክርስትና ስም፣ የዘመድ ዕረፍት፣ የተገዛ መሬትና የምስክሮች ስም፣ የአንበጣ ወይም የረኀብ ዓመት፣ የመድኃኒት ቅመማ፣ አንዳንዴም ብዕር ለመሞከር የተሞነጫጨረ ፊደል ይገኛል። ዋናው ጽሑፍ ግዕዝ ሲሆን ማስታወሻው ብዙ ጊዜ ወደ አማርኛ ያዘነብላል፤ እጁም እንደ ቁም ጸሐፊው ያማረ አይደለም።

መንፈሳዊው ክፍል በአብዛኛው ልመና ነው። ጸሐፊው ራሱን ኃጥእ ብሎ ጠርቶ አንባቢው በጸሎት እንዲያስበው ይማጸናል። መጽሐፉ እጅ ሲለውጥ ግን አዲሱ ባለቤት የቀድሞውን ስም ፍቆ የራሱን ያስገባል፤ በዚህም ምክንያት በአንድ ጸሎት ውስጥ፣ ከአዲሱ ስም ሥር፣ የሌላ ሰው ስም ደብዝዞ የሚታይበት ጊዜ አለ። መጽሐፉን የሰረቀ ወይም የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል ቃልም የተለመደ ነው። ፍቀቱን ግን አላስቀረውም።

ቀን የሚቆጠረው በወርኃዊ በዓል (በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም) ሲሆን ዓመቱ በወንጌላዊ ይጠራል። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በስሜን ደረስጌ ማርያም የነገሡበት 1847 ዓ.ም. በዚህ ስሌት ዘመነ ሉቃስ ይሆናል። ችግሩ ሉቃስ በየአራት ዓመቱ መመለሱ ነው፤ የንጉሥ ወይም የጳጳስ ስም ካልተጨመረበት ማስታወሻው የየትኛው ዘመን እንደሆነ ማወቅ ይከብዳል።

ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ

ከውሎ መዝገብ አልፎ የራስን ኑሮና ሐሳብ በመተረክ በስፋት የሚጠቀሰው ይህ የግዕዝ ድርሰት ነው። ባለታሪኩ ከአክሱም በጠላቱ ክስ ምክንያት ሲሸሽ ጥቂት ወርቅና አንድ ዳዊት ብቻ ይዞ ነበር። ስሜንን በምሥራቅና በሰሜን ከብቦ በሚያልፈው በተከዜ ወንዝ አጠገብ ባገኘው ዋሻ ሁለት ዓመት ያህል ተቀመጠ። እዚያ በዳዊት እየጸለየ፣ ሰዎች ስለ ሃይማኖት ለምን እንደሚጣሉና እግዚአብሔር ጸሎትን ይሰማ እንደሆነ ሲያሰላስል ኖረ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1632 እ.ኤ.አ. ካረፉ በኋላ በእንፍራዝ ተቀምጦ ዳዊት እየገለበጠና እያስተማረ ኖረ፤ ሐተታውን የጻፈው በእርጅናው፣ በ1667 እ.ኤ.አ. ግድም፣ በደቀ መዝሙሩ በወልደ ሕይወት ልመና ነው። እንግዲህ በዋሻው ውስጥ የታሰበው በወረቀት የሰፈረው ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ነው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ መጽሐፉ ራሱ የሚለው ነው። ድርሰቱን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለአንቷን ዳባዲ የላከው ጣሊያናዊው ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ሲሆን፣ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. የጻፈውም እርሱ ነው ሲል ተከራከረ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ክላውድ ሰምነር ግን ደራሲው ዘርዓ ያዕቆብ ነው በማለት ለረጅም ጊዜ ተሟግቷል። ክርክሩ እስካሁን አልተዘጋም።

የፒርስ የውሎ መዝገብ

ከ1805 እስከ 1818 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የኖረው እንግሊዛዊ መርከበኛ ናትናኤል ፒርስ ያየውን ይመዘግብ ነበር። ጄምስ ብሩስ በስሜን ተራሮች በረዶ የለም ብሎ ሲጽፍ፣ ስሜንን ያቋረጠው ፒርስ ግን በረዶ ማየቱን አስታወቀ። በ1820 እ.ኤ.አ. እስክንድርያ ውስጥ ሞተ፤ ወረቀቶቹ ግን በወዳጆቹ እጅ ስለቆዩ በ1831 እ.ኤ.አ. ታተሙ።

የማስታወሻዎቹ ዕጣ

የኅዳግ ጽሑፍ የሚቆየው ያረፈበት መጽሐፍ ስለሚከበር ነው። መጽሐፉ እንደገና ሲደጎስ ባዶ የመሰሉ ቅጠሎች ይጣላሉ፤ ሲሸጥም አጥቢያው ከማስታወሻው ጋር ይለያያል። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ካከማቿቸው መጻሕፍት ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የመጡት ብዙ ነበሩ፤ ከ1868ቱ እ.ኤ.አ. ዘመቻ በኋላ 350 ያህል ብራናዎች ወደ ለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፣ የባለርስቶችና የምስክሮች ስም እንደተጻፈባቸው። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገር ውስጥ የሚገኙ ብዙ መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተቀርጸዋል። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚም የጎንደርን ዘመን የመሬት ይዞታ ሲያጠና በእነዚህ የኅዳግ ጽሑፎች በሰፊው ተጠቅሟል። በቤት ውስጥ የሚቀመጥ የወረቀት ደብተር ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከባለቤቱ ዕድሜ አያልፍም።