ከአሞሌ እስከ ስማርት ቆጣሪ፡ ቆጠራውን ማን ያየዋል?

የሰቆጣ ገበያ በድሮው ዘመን ስሙ የተጠራው በጨው ነው፡፡ ከአፋር በረሃ ተፈልጦ በግመልና በበቅሎ የሚወጣው አሞሌ ዋግን አቋርጦ ወደ ላስታና ወደ ጎንደር ከመዝለቁ በፊት ሰቆጣ ላይ ያርፍ ነበር፡፡ አሞሌ ደግሞ ገንዘብም ነበር፡፡ ገዢም ሻጭም አገላብጦ ያየዋል፡፡ ጥጉ ከተሸረፈ ዋጋው ይወርዳል፤ ከጨው ማውጫው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይወጣል፡፡ ክርክር አይጠፋም፤ ክርክሩ ግን ሁለቱም በሚያዩት ነገር ላይ ነው፡፡

የዛሬው ወሬዬ ስለ መብራት ቆጣሪ ነው፡፡ ከጨው የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ የሚሸጥ ነገር ሁሉ መለኪያ አለው፤ ኤሌክትሪክ ግን እንደ አሞሌ አይገላበጥም፡፡ ስለዚህ ሒሳቡን የሚያውቀው መለኪያውን ማየት የሚችል ሰው ብቻ ነው፡፡ አሁን አገሩን እያዳረሰ ስላለው ስማርት ቆጣሪ ብዙ ሲባል እንሰማለን፤ ‹‹ዘመናዊ ነው››፣ ‹‹ከርቀት ይነበባል›› ይባላል፡፡ እኔ ግን ወደ ኋላ ሄጄ አንዲት ጥያቄ ይዤ መመለስ ፈለግሁ፡፡ ቆጠራውን የሚያየው ማነው?

ከማሰሮ ወደ ዲስክ

ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ኒውዮርክ ላይ ኤሌክትሪክ መሸጥ ሲጀምር የተጠቀመበት ቆጣሪ ዛሬ ቢያዩት ቆጣሪ አይመስልም፡፡ ፈሳሽ የሞላው ዕቃ ውስጥ የተነከሩ የዚንክ ሰሌዳዎች ነበሩ፡፡ ኤሌክትሪኩ ባለፈ ቁጥር ዚንኩ ከአንዱ ሰሌዳ ወደ ሌላው ይጓዛል፡፡ በየወሩ የኩባንያው ሰው መጥቶ ሰሌዳዎቹን ይወስድና ቢሮው ውስጥ በሚዛን ይመዝናቸዋል፤ ሒሳቡ ከዚያ ይወጣል፡፡ ደንበኛው ምን ያህል እንደተጠቀመ የሚያውቀው ሲነገረው ብቻ ነው፡፡

እ.ኤ.አ. በ1889፣ ማለትም አፄ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት በተባሉበት ዓመት፣ ሀንጋሪያዊው መሐንዲስ ኦቶ ብላቲ በሚሽከረከር ዲስክ የሚቆጥረውን መሣሪያ ሠራ፡፡ በየግቢያችን ግድግዳ ላይ ስትሽከረከር የምናውቃት ያቺ ዲስክ የዚያ ልጅ ናት፡፡ ትልቁ ጥቅሟ ታዲያ ለቤቱ ባለቤትም ዓይን መስጠቷ ነበር፡፡ ምጣዱ ሲሰካ ትፈጥናለች፣ ሲነቀል ታዘግማለች፡፡ ቁጥር የሚያነብ ልጅ ያለው ቤት ሁሉ ሒሳቡን ራሱ መቆጣጠር ይችል ነበር፡፡

‹‹መብራት ኃይል››

ወደ እኛ አገር ስንመጣ፣ የኤሌክትሪክ መብራት መጀመሪያ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ነው፡፡ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1948 ዓ.ም. ሲሆን ‹‹መብራት ኃይል›› የሚለው ስም ከዚያ ቀርቶልናል፡፡ በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን ሆነ፡፡ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ለሁለት ተከፈለ፤ አመንጪው ‹‹የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል››፣ ለእኛ ሻጩ ‹‹የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት›› ተባሉ፡፡ ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ መብራት ኃይል ነው የሚለው፡፡

በዚህ ሁሉ ዘመን ሻጩና ገዢው የሚገናኙት በቆጣሪ አንባቢው በኩል ነበር፡፡ ቆጣሪ አንባቢው ይመጣል፣ ይጽፋል፣ ይሄዳል፡፡ ካልመጣ ሒሳቡ በግምት ይሠራል፤ የግምቱ ጣጣ ተጠራቅሞ አንድ ቀን በትልቅ ቢል ይመጣል፡፡ ቢሆንም ደንበኛው ‹‹ኑና ዲስኩን እዩት›› ብሎ የመሟገት መብት ነበረው፡፡

አንድ ቆጣሪ፣ አምስት ጎጆ

እዚህ ላይ የታሪፉን ነገር ማንሳት ግድ ነው፡፡ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይነካ የቆየው ታሪፍ በ2011 ዓ.ም. ሲከለስ ጭማሪው በአራት ዓመት ተከፋፍሎ ገባ፡፡ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ለድሃ ተብሎ በ0.2730 ብር ላይ ቀረ፡፡ ከ500 በላይ ለሚጠቀመው የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከ0.6943 ብር ተነስቶ 2.4810 ብር ደረሰ፡፡ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሌላ በየጊዜው የሚጨምር የአራት ዓመት ክለሳ ገብቷል፡፡

ሐሳቡ በወረቀት ላይ መልካም ነው፤ ብዙ የሚጠቀም ብዙ ይክፈል፡፡ ችግሩ ቆጣሪው የሚቆጥረው ሰው ሳይሆን ሽቦ መሆኑ ነው፡፡ አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ተከራይ አለ እንበል፡፡ እያንዳንዱ በወር 40 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀም ለየብቻው ድሃ ነው፤ በ2011ዱ ታሪፍ 0.2730 ብር ይገባው ነበር፡፡ አንድ ቆጣሪ ላይ ሲደመሩ ግን 200 ይሆናሉ፡፡ በ2011 ዓ.ም. በተከለሰው ታሪፍ መጨረሻ ላይ ከ101 እስከ 200 ያለው እርከን ዋጋው 1.6250 ብር ነበር፡፡ አምስት ድሆች አንድ ሀብታም ሆነው ተቆጠሩ ማለት ነው፡፡ አዲስ አበባም፣ ባሕር ዳርም፣ ሰቆጣም ተከራይ ሆኖ የኖረ ይህንን ያውቀዋል፡፡ ቆጣሪው ዲስክም ይሁን ስማርት፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ እስካልኖረው ድረስ ይህ ስሌት አይለወጥም፡፡

ካርዱ

በ2000ዎቹ መጀመሪያ የካርድ ቆጣሪ መጣ፡፡ መጀመሪያ ክፈል፣ ኋላ አብራ፡፡ የግምት ቢል ቀረ፣ የቆጣሪ አንባቢ ጥበቃ ቀረ፤ ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው፡፡ ወጪው ግን ቦታ ቀየረ፡፡ ድሮ ድርጅቱ ለደንበኛው አንድ ወር ያበድር ነበር፤ አሁን ደንበኛው ለድርጅቱ ያበድራል፡፡ ድሮ ድርጅቱ ሠራተኛ ቀጥሮ ወደ ቤት ይልክ ነበር፤ በካርድ ዘመን ደንበኛው ካርዱን ይዞ ይሰለፋል፡፡ ‹‹ሲስተም የለም›› ከተባለ ብር በኪሱ እያለ ቤቱ ይጨልማል፡፡

ሌላው ዓለምም ከዚህ አላመለጠም፡፡ በደቡብ አፍሪካና በሌሎች አገሮች የሚሠራባቸው የቅድመ ክፍያ ቆጣሪዎች ጊዜን የሚቆጥሩት ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነበር፡፡ ቁጥሩ የሚሞላው ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ስለነበር፣ እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ ቆጣሪ ላይ አዲስ ኮድ መግባት ነበረበት፡፡ ያልገባለት ቆጣሪ ካርድ መቀበል አቆመ፡፡ ስህተቱ የቤቱ ባለቤት አልነበረም፤ ጨለማው ግን የእሱ ሆነ፡፡

ስማርቱ

ስማርት ቆጣሪ በሞባይል ኔትወርክ ወይም በራሱ በኤሌክትሪክ መስመሩ ከማዕከል ጋር ይነጋገራል፡፡ ከርቀት ይነበባል፣ ከርቀት ይቆረጣል፡፡ ስርቆትን ያጋልጣል፣ መብራት የጠፋበትን ሰፈር ሳይደወል ያሳውቃል፡፡ ብክነት ለበዛበት የእኛ አገር ሥርዓት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፡፡ ለዚህም ነው አገልግሎቱ ብዙ ኃይል ከሚጠቀሙ ድርጅቶች የጀመረው፡፡

ወደ ቤት ሲገባ ግን ሌላው ዓለም የከፈለውን ማየት ይበጃል፡፡ ብሪታንያ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2019 እጨርሳለሁ ብላ አልሆነላትም፤ ወጪው በሁሉም ደንበኛ ቢል ላይ ተጫነ፡፡ መጀመሪያ ከተተከሉት ብዙዎቹ ደንበኛው ኩባንያ ሲቀይር ስማርትነታቸው ጠፋ፡፡ ኔዘርላንድስ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ሴኔቱ ቆጣሪውን በግዴታ መትከልን አልቀበልም አለ፡፡ ምክንያቱም ቆጣሪው ሰው መቼ ቤቱ እንዳለ፣ መቼ እንደተኛ ይናገራል የሚል ነበር፡፡ ኤዲሰን ማሰሮውን ቢሮ ወስዶ ይመዝን ነበር አልን አይደል? ስማርቱም ሰሌዳውን በየደቂቃው ቢሮ ሊወስደው ይችላል፡፡ ደንበኛው የራሱን ቁጥር የሚያይበት ቀላል መንገድ ካልተሰጠው ወደ ማሰሮው ተመለስን ማለት ነው፡፡

ዋግ ላይ

አሁን ይህንን ይዘን ወደ ሰቆጣ እንመለስ፡፡ ኅዳር 2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ይረዝማል፤ 300 ሜጋዋት ያመነጫል፡፡ ሐይቁ የዋግን ቆላ፣ አበርገሌንና ዝቋላን ይነካል፤ የዋግ ወጣቶች ዓሣ ያጠምዱበታል፡፡ ለሰቆጣ መብራት የሚመጣው ግን በአላማጣ በኩል በተዘረጋ መስመር ነበር፡፡ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ መስመሩን ሲቆርጠው ከተማዋ ከዓመት በላይ ጨለመች፡፡ ወፍጮ ቆመ፣ ሆስፒታሉ በጄኔሬተር ተያዘ፡፡ መብራት የተመለሰው ከጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ነው፡፡ ዓመት ሳይሞላ፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ፡፡

እንግዲህ በሞባይል የሚከፈልበትን፣ በኔትወርክ የሚነጋገረውን ቆጣሪ እዚህ አምጥታችሁ ስቀሉት፡፡ ኔትወርክ ሲጠፋ ምን ያደርጋል? አስቀድሞ የተከፈለው ብር የት ይሄዳል? ቆጣሪው ቢበላሽ ማን ይተካዋል፣ በማን ወጪ?

እነዚህ ጥያቄዎች ቆጣሪው ከመተከሉ በፊት መልስ ሊያገኙ ይገባል፡፡ ኔትወርክ በጠፋበት ሰሞን መብራት እንዳይቆረጥ የተጻፈ ደንብ ይኑር፡፡ ቁጥሩ በቤቱ ውስጥ ይታይ፤ መመሪያው በአማርኛም በኽምጣናም ይጻፍ፡፡ ተከራዩ ለብቻው ይቆጠር፡፡ ቅሬታ ያለው ሰው ሌላ ቆጣሪ አስመጥቶ የሚያስመዝንበት ቦታ ይኑረው፡፡ ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም፤ የሰቆጣ ነጋዴ አሞሌውን ሳያገላብጥ ገዝቶ አያውቅም፡፡