የኮሌጅ ቤዝቦል ወርዋሪ ምልመላ

የኮሌጅ ቤዝቦል ወርዋሪ ምልመላ የአሜሪካ ፕሮፌሽናል የቤዝቦል ክለቦች በዩኒቨርሲቲ ቡድኖች የሚጫወቱ ወርዋሪዎችን ተከታትለውና መዝነው፣ ድራፍት በሚባለው ዓመታዊ የተጫዋቾች ምርጫ ማንን በስንተኛ ተራ እንደሚወስዱ የሚወስኑበት ሥራ ነው። ይህን ሥራ የሚሠራው ባለሙያ መልማይ ይባላል። መልማዩ የሚመዝነው ተማሪው ዛሬ ያለውን ችሎታ ብቻ አይደለም፤ ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ በከፍተኛው ሊግ ምን ሊሆን እንደሚችልም ይገምታል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወርዋሪ በጨዋታው ውስጥ

ወርዋሪ (ፒቸር) ከመካከለኛው ጉብታ ላይ ቆሞ ኳሱን ወደ ቀላቢው የሚወረውር ተጫዋች ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መቺ ደግሞ ኳሱን በዱላ ለመምታት ይሞክራል። ከመወርወሪያው ሰሌዳ እስከ መቺው መቆሚያ ያለው ርቀት 18.44 ሜትር ነው። በሰዓት 153 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዝ ኳስ ይህን ርቀት በ0.4 ሰከንድ አካባቢ ስለሚጨርስ መቺው ለማሰብ የሚያገኘው ጊዜ እጅግ አጭር ነው። መቺው ሦስት ስትራይክ ከተቆጠረበት ይወጣል፤ ይህም ስትራይክአውት ይባላል። እያንዳንዱ ጨዋታ ከወርዋሪው እጅ ስለሚጀምር ጥሩ ወርዋሪ ለክለብ ትልቅ ሀብት ነው።

የድራፍቱ አሠራር

ድራፍቱ የተጀመረው በ1965 ነው። በመጀመሪያው ዓመት አንደኛ ሆኖ የተመረጠው የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሪክ መንደይ ሲሆን የመረጠው ክለብም ካንሳስ ሲቲ አትሌቲክስ ነበር። በመሠረቱ ባለፈው ዓመት ደካማ ውጤት ያስመዘገቡ ክለቦች ቀድመው ይመርጣሉ፤ ከ2023 ድራፍት ጀምሮ ግን የመጀመሪያዎቹ ስድስት ተራዎች በዕጣ ይወሰናሉ። ከ2021 ወዲህ ምርጫው 20 ዙሮች ያሉት ሲሆን የሚካሄደውም በሐምሌ ወር ነው።

በአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተጫዋች ለምርጫው ብቁ የሚሆነው ሦስተኛ ዓመቱን ሲጨርስ ወይም 21 ዓመት ሲሞላው ነው። ስለዚህ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ በክለቡ ፊት የመደራደር አቅም አለው። የቀረበለት የፊርማ ክፍያ ካላረካው ወደ ትምህርቱ ተመልሶ አንድ ዓመት መጫወት ይችላል። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ግን ይህ አማራጭ ስለሌለው ብዙ ጊዜ ባነሰ ገንዘብ ይፈርማል።

መልማዩ የሚያያቸው ነገሮች

መልማይ አንድን ወርዋሪ በአንድ ጨዋታ አይፈርድበትም። በብርድም በሙቀትም፣ ሲያሸንፍም ሲሸነፍም ደጋግሞ ያየዋል። ዋና ዋና መመዘኛዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

ፍጥነት፦ የፈጣን ኳሱ ፍጥነት ስንት ነው? በጨዋታው መጀመሪያ የነበረው ፍጥነት እስከ መጨረሻው ይዘልቃል ወይስ ይወርዳል?

የኳስ ዓይነቶች፦ ከፈጣን ኳስ ሌላ የሚታጠፍ ኳስና መቺውን በዝግታው የሚያታልል ኳስ አለው ወይ? ሁለት ዓይነት ብቻ ያለው ወርዋሪ አብዛኛውን ጊዜ ጨዋታ ጀማሪ ሳይሆን በኋላ ገብቶ አጭር ጊዜ የሚወረውር ተተኪ ይሆናል ተብሎ ይገመታል።

ቁጥጥር፦ ኳሱን በፈለገው ቦታ ማሳረፍ ይችላል? ፍጥነት ኖሮት ቁጥጥር የሌለው ወርዋሪ ለመቺዎች ነጻ ማለፊያ ይሰጣል።

የአወራወር ስልት፦ እግሩ፣ ወገቡ፣ ትከሻውና ክንዱ ተቀናጅተው ይሠራሉ? ስልቱን በየውርወራው ሳይለዋውጥ መድገም ይችላል?

ጠባይ፦ ሲመታበት ምን ያደርጋል? ከአሠልጣኙና ከጓደኞቹስ ጋር እንዴት ነው? ይህን ለማወቅ መልማዩ ተጫዋቹን፣ ቤተሰቡንና አሠልጣኞቹን ያነጋግራል።

የ20–80 መለኪያ

መልማዮች እያንዳንዱን ችሎታ ከ20 እስከ 80 ባለው መለኪያ ይገልጻሉ። 50 የከፍተኛው ሊግ አማካይ ነው፤ 80 እጅግ ጥቂቶች ብቻ የሚደርሱበት ሲሆን 20 ደግሞ ዝቅተኛው ነው። ለእያንዳንዱ ኳስ ሁለት ነጥብ ይሰጣል፦ አንዱ ለዛሬው ደረጃ፣ ሌላው ወደፊት ይደርስበታል ተብሎ ለሚታሰበው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የመልማዩን ተስፋ ያሳያል። የመልማዮች ስሕተትም በብዛት የሚፈጠረው እዚሁ ላይ ነው።

መሣሪያና አኃዝ

በ1970ዎቹ አጋማሽ የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ዳኒ ሊትዋይለር የፖሊስ የፍጥነት መለኪያ ራዳርን ለቤዝቦል አዋለው። ከዚያ በኋላ በእጅ የሚያዝ ራዳር የመልማይ መለያ ሆነ። ዛሬ በብዙ ሜዳዎች የተተከሉ መሣሪያዎች ከፍጥነት አልፈው የኳሱን ሽክርክሪት፣ መታጠፍና ከእጅ የተለቀቀበትን ቁመት ይመዘግባሉ።

የኮሌጅ ውጤት በቀጥታ ሲነበብ ያሳስታል። ኮሌጆች ከ1974 ጀምሮ የብረት ዱላ ሲፈቅዱ ፕሮፌሽናሎች የሚጠቀሙት የእንጨት ዱላ ነው። የተጋጣሚዎች ጥንካሬም ከሊግ ሊግ ይለያያል። በዚህ ምክንያት መልማዮች በማሳቹሴትስ ግዛት በየበጋው የሚካሄደውን የኬፕ ኮድ ሊግ በትኩረት ይከታተላሉ፤ እዚያ የሚጫወቱት የኮሌጅ ተማሪዎች ከ1985 ጀምሮ በእንጨት ዱላ ይጠቀማሉ። ሌላው ልዩነት የእረፍት ጊዜ ነው። የኮሌጅ ጨዋታ ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ሲወረውር የፕሮፌሽናሉ ተራ በየአምስትና በየስድስት ቀኑ ይደርሳል።

የክንድ ጤና

ትልቁ ስጋት ጉዳት ነው። በኃይል መወርወር የክርንን የውስጥ ጅማት ክፉኛ ይወጥራል። በ1974 ዶክተር ፍራንክ ጆብ የወርዋሪው ቶሚ ጆንን የተበጠሰ ጅማት ከሌላ የሰውነቱ ክፍል በተወሰደ ጅማት ተክተው ወደ ሜዳ እንዲመለስ አስቻሉት። ቀዶ ሕክምናው እስከ ዛሬ በተጫዋቹ ስም ይጠራል። ለማገገም አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ይወስዳል። ስለዚህ ክለቦች ከመፈረማቸው በፊት የክርንና የትከሻ ምርመራ ውጤት ይመለከታሉ። አሠልጣኙ ለቡድኑ ድል ሲል ተማሪውን ከመጠን በላይ ካስወረወረው የሚጎዳው የተማሪው የወደፊት ኑሮ ስለሆነ መልማዮች በየጨዋታው የተወረወሩትን ኳሶች ብዛትም ይቆጥራሉ።

ታዋቂ ምሳሌዎች

ስቲቨን ስትራስበርግ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሲጨርስ ማንም ክለብ አልመረጠውም። በሳን ዲዬጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በአሠልጣኝ ቶኒ ግዊን ሥር ሰውነቱን አስተካክሎ ፍጥነቱን በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ አደረሰ። በ2009 የውድድር ዘመን በ109 ኢኒንግ 195 ስትራይክአውት አስመዘገበ፤ ዋሽንግተን ናሽናልስም አንደኛ አድርጎ መርጦት በ15.1 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። በ2010 የክርን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በ2019 የዓለም ሲሪዝ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ ከዚያ በኋላ ግን በጉዳት ምክንያት ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው የተጫወተው።

ማርክ ፕራየር በ2001 ከደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በቺካጎ ከብስ ሁለተኛ ሆኖ ተመረጠ። የአወራወር ስልቱ በዘመኑ እንደ አርአያ ይጠቀስ ነበር። በ2003 18 ጨዋታ አሸነፈ፤ በተደጋጋሚ ጉዳት የተነሣ ግን በከፍተኛው ሊግ የመጨረሻ ጨዋታውን ያደረገው በ2006፣ በ25 ዓመቱ ነው።

ጄከብ ዲግሮም በስቴትሰን ዩኒቨርሲቲ በአብዛኛው የሜዳ ተከላካይ ነበር፤ መወርወር የጀመረው ዘግይቶ ነው። በ2010 በ9ኛው ዙር 272ኛ ሆኖ በኒው ዮርክ ሜትስ ተመረጠ። በ2018 እና በ2019 የሊጉ ምርጥ ወርዋሪ የሚሸለመውን የሳይ ያንግ ሽልማት ተቀበለ።

ኩማር ሮከርን ኒው ዮርክ ሜትስ በ2021 በ10ኛ ተራ ከቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ከመረጠው በኋላ በሕክምና ምርመራው ውጤት ምክንያት ሳያስፈርመው ቀረ። በቀጣዩ ዓመት ቴክሳስ ሬንጀርስ በ3ኛ ተራ መርጦ አስፈረመው።

ፖል ስኪንስ ከአየር ኃይል አካዳሚ ወደ ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ በ2023 209 ስትራይክአውት አስመዘገበ። ፒትስበርግ ፓይሬትስ አንደኛ አድርጎ መረጠው፤ ሁለተኛ የተመረጠውም የቡድን ጓደኛው ዲላን ክሩዝ ነበር። የአንድ ትምህርት ቤት ተጫዋቾች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ተራዎች ሲይዙ ይህ የመጀመሪያው ነው። ስኪንስ በ2024 የናሽናል ሊግ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሆነ።