ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴና የጎጃም ዘመቻ (1924–1929 ዓ. ም.)

በቀድሞው ሥርዓት የአንድ አገረ ገዥ ኃይል በሰላም ጊዜ በዳኝነትና በግብር፥ በጦርነት ጊዜ ግን አስከትሎ በሚዘምተው ሠራዊት ይለካ ነበር። አብዛኛው ሠራዊት በክተት አዋጅ ከየመኳንንቱና ከየባላባቱ ደጅ የሚወጣ ስለ ነበረ፥ ገዥው ከአገሩ ሰዎች ጋራ ያለው ትስስር ከመሣሪያ የማያንስ ዋጋ ነበረው። የልዑል ራስ እምሩ ታሪክ ይህን በሚገባ ያስረዳል።

ልዑልነታቸው በ1885 ዓ. ም. በሐረርጌ ተወልደው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋራ አብረው አደጉ። ሐረርጌንና ወሎን ካስተዳደሩ በኋላ፥ በ1924 ዓ. ም. ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ሲሻሩ በጎጃም ተሾሙ። ጎጃም ግን ለብዙ ዘመን የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ቤት ጌታ አድርጎ የኖረ አገር ነው፤ አዲሱም ገዥ ከማዕከላዊው መንግሥት የመጡ እንግዳ ነበሩ።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ. ም. ኢጣልያ ወረራውን ስትጀምር፥ ልዑል ራስ እምሩ በጎጃም አራት ዓመት አልሞላቸውም። ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ ሰሜን ሲዘምቱ፥ ከራስ ኃይሉ ወገን የሆኑት ደጃዝማች ገሠሠ በለው ከነተከታዮቻቸው ከድተው በደብረ ማርቆስ ላይ ዐመፅ አስነሡ። ቢሆንም የቀረው ጦር ተከዜን ተሻግሮ ታኅሣሥ 5 ቀን ደምበጉይና በሚባለው ማለፊያ የጠላትን ታንኮች ድል አደረገ። በየካቲት መጨረሻ ግን በሽሬ ውጊያ ተሸነፈ፤ ሲያፈገፍግም በተከዜ መሻገሪያ ላይ ከአውሮፕላን በተጣለበት ቦምብና የመርዝ ጋዝ ክፉኛ ተጎዳ።

ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1928 ዓ. ም. ከአገር ሲወጡ እንደራሴነቱን ለእርሳቸው ሰጡ፤ መቀመጫቸውም ጎሬ ሆነ። በዚያም ችግሩ ባሰ እንጂ አልቀለለም። ከወለጋ ባላባቶች አንዳንዶቹ በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር ለመግባት ይጠይቁ ስለ ነበር፥ እንደራሴው የራሳቸው የሚሉት አገርና ክተት የሚወጣላቸው ሕዝብ አጡ። የጥቁር አንበሳ አርበኞች ቢተባበሯቸውም፥ በታኅሣሥ 1929 ዓ. ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ሰጡ፤ ወደ ኢጣልያም ተወስደው በፖንዛ ደሴት ታሰሩ።

ይህ ሁሉ ጎጃም አርበኝነት ጎድሎት ነበር አያሰኝም። ከ1930 ዓ. ም. ጀምሮ ያው ሕዝብ በጠላት ላይ በብርቱ ተነሥቷል። ከመሪዎቹም አንዱ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የልጅ ልጅ ሲሆኑ፥ በላይ ዘለቀ ደግሞ ከዚያው ከአገሩ ሕዝብ መካከል የወጡ ናቸው። ስለዚህ በ1928 ዓ. ም. ጎድሎ የነበረው የሕዝቡ ጀግንነት ወይም የገዥው ቆራጥነት ሳይሆን፥ ሁለቱን የሚያስተሳስር ረዘም ያለ ጊዜ ነው ለማለት ይቻላል።